ከንጉሡ በኋላ የቀሩ እቴጌዎች፤ የመበለት ንግሥታት ማዕረግና ሥልጣን በኢትዮጵያ

ባለዘውድ ባሏን በሞት ያጣች ንግሥት ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ማን ናት የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ ታሪክ ተደጋግሞ ቢነሣም፣ እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ በጽሑፍ ሕግ ቁርጥ ያለ መልስ አላገኘም። ጥያቄው ሦስት ነገሮችን አጣምሮ የያዘ በመሆኑም ብዙ ጊዜ ይምታታል። የመጀመሪያው ማዕረግ ነው፤ ይኸውም የምትጠራበት ስምና በግብርና በሥርዓት ላይ የምትቀመጥበት ቦታ ነው። ሁለተኛው ሥልጣን፣ ማለትም ሹም የመሾምና የመሻር፣ ጦር የማዘዝና ፍርድ የመስጠት መብት ሲሆን፣ ሦስተኛው መተዳደሪያዋ፣ ይህም ጉልቷ (ከአንድ አገር ግብር የመብላት መብት) እና በስሟ የሚያድሩት ሎሌዎቿ ናቸው። በዚህ ዳሰሳ ከሚነሡት ንግሥታት መካከል ማዕረጓን በባሏ ሞት ብቻ የተገፈፈች አንዲትም የለችም፤ ሥልጣናቸው ግን የአንዷ በመበለትነቷ ሲጀምር የሌላዋ ገና ባሏ ሳይሞት አልቋል። የልዩነቱ ምክንያት ምን እንደሆነ ጸሐፍት አይስማሙም።

መነሻው፤ እሌኒና ሰብለ ወንጌል

ክብረ ነገሥት ከንግሥት ማክዳ ወዲህ ዙፋኑ ለወንድ ዘር ብቻ እንዲሆን መወሰኑን ስለሚተርክ፣ በመካከለኛው ዘመን ሴት በራሷ ስም ልትነግሥ የምትችልበት በር የተዘጋ ነበር። የተረፈው በር የሞግዚትነት ነው፤ ሞግዚት ሲባል ሕፃኑ ንጉሥ ለአቅመ መንግሥት እስኪደርስ በስሙ የሚያስተዳድር ሰው ማለት ነው። በዚህ በር ከገቡት መካከል ዝናቸው የገነነው ከሐድያ ገዥዎች ቤት የመጡት ንግሥት እሌኒ ናቸው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ቀኝ በዓልተሐት፣ ማለትም የቀኝ ንግሥት፣ ብለው የሾሟቸው እሌኒ በ1460 ዓ.ም. ባላቸው ሲሞቱ የሚነግሥ ልጅ አልነበራቸውም፤ ይሁንና የባላቸው ልጅ ዐፄ በእደ ማርያም እንደ እናት ስላከበሯቸው በቤተ መንግሥቱ ቆዩ። ዐፄ ናዖድ በ1500 ዓ.ም. ሲሞቱና ወደ ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የነበሩት ልብነ ድንግል ሲነግሡ፣ መንግሥቱን በሞግዚትነት የያዙት ከባላቸው ሞት በኋላ አርባ ዓመት የቆዩት እኚሁ መበለት ነበሩ። ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል የላኩትም፣ በ1512 ዓ.ም. የፖርቱጋል መልእክተኞች ምጽዋ እንዲደርሱ ምክንያት የሆኑትም እሳቸው ናቸው።

እሌኒ ልጅ ሳይኖራቸው ሞግዚት መሆናቸው በኋላ ለሚመጣው ክርክር ትልቅ ቦታ አለው፤ እናትነቱ የሥጋ ሳይሆን በንጉሥ የታወቀ የክብር እናትነት ነበርና።

የሰብለ ወንጌል ነገር ከዚህ ይለያል። ባላቸው ዐፄ ልብነ ድንግል በ1533 ዓ.ም. ደብረ ዳሞ ላይ ሲያርፉ ልጃቸው ገላውዴዎስ ነግሠው በደቡብ ይዋጉ ስለነበር፣ ንግሥቲቱ ሞግዚት የመሆን ዕድልም ፍላጎትም አልነበራቸውም። ሥራቸው የጦርነት ሥራ ነበር፤ በገመድ ብቻ ከሚወጣበት አምባ ወርደው ከፖርቱጋላዊው ከክሪስቶቫው ዳ ጋማ ጦር ጋር ተጓዙ፣ በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ የአዳሉ መሪ ኢማም አሕመድ ከወደቁ በኋላም በምርኮ የተያዘውን የኢማሙን ልጅ ለውጠው የራሳቸውን ልጅ ሚናስን አስመለሱ። የምርኮ ልውውጡ የመንግሥት ጉዳይም የእናት ጉዳይም ነበር።

ምንትዋብና ውቢት፤ በአንድ ግቢ ሁለት መበለቶች

የጎንደር ዘመን ጉዳዩን ወደ ሌላ ደረጃ አሸጋገረው። ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲሞቱ የቋራዋ ተወላጅ እቴጌ ምንትዋብ ሕፃኑን ልጃቸውን ኢያሱን አንግሠው ብቻ አልቀሩም፤ ራሳቸውም ዘውድ ጭነው ብርሃን ሞገሳ በሚል ስመ መንግሥት ከልጃቸው ጋር ነገሡ። ሞግዚትነት ውክልና ነው፤ ውክልናውም ልጁ ሲያድግ ያልቃል። አብሮ መንገሥ ግን የሚያልቅበት ቀን የለውም። ኢያሱ አድገው ጎልማሳ ከሆኑም በኋላ እቴጌይቱ ከሥልጣን ያልወረዱት በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም ዘውዱ ለብቻው አላቆማቸውም፤ ወንድማቸው ራስ ቢትወደድ ወልደ ልዑልና የቀሩት የቋራ ዘመዶቻቸው ዋና ዋናውን ሹመት ይዘውላቸው ነበር።

እዚህ ላይ የታሪክ ጸሐፍት በብዛት የሚያልፉት አንድ ጥያቄ አለ፤ መበለት ንግሥት ከሌላ ወንድ ጋር ብትኖር ክብሯ ምን ይሆናል? ምንትዋብ ከባላቸው ሞት በኋላ ከበካፋ የእኅት ልጅ ከምልምል ኢያሱ ሦስት ሴቶች ልጆች ወልደዋል። ሐሜቱ በዘመናቸው ብዙ ቢሆንም ማዕረጋቸውን አልነካባቸውም፤ ይልቁንም ልጆቻቸውን ለኃያላን መሳፍንት እየዳሩ ዝምድና ገዙበት፣ ከነዚህም አስቴር ኋላ የራስ ሚካኤል ስሑል ሚስት ሆኑ። ይህ ነፃነት ኋላ በራሳቸው ስም ለነገሡት ለምኒልክ ልጅ ለዘውዲቱ አልተሰጠም፤ ወደዚያ በኋላ እንመለሳለን።

ዳግማዊ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሲሞቱ ግን ቤተ መንግሥቱ ሁለት መበለቶች ያዘ። አንደኛዋ አያቲቱ እቴጌ ምንትዋብ፣ ሁለተኛዋ የሟቹ ንጉሥ ሚስትና የአዲሱ ሕፃን ንጉሥ የኢዮአስ እናት ውቢት ነበሩ። የዘውድ መብቱ የምንትዋብ፣ የእናትነት መብቱ የውቢት ነበረና ከሁለቱ የትኛው ይቀድማል የሚለውን የሚፈታ ሥርዓት አልነበረም። ነገሩን የፈታው ዘመድ ነው፤ የውቢት ወገኖች የሆኑት ኦሮሞዎች በአንድ በኩል፣ የምንትዋብ ቋሮች በሌላ በኩል ተሰልፈው ተፋጠጡ፣ ወልደ ልዑል በሞቱ ጊዜ ሚዛኑ ተሰበረ፣ ለመሸምገል ከትግራይ የተጠሩት ራስ ሚካኤል ስሑልም ሁለቱንም ወገን ውጠው በ1761 ዓ.ም. ኢዮአስን አስገደሉ። ምንትዋብ ከዚያ በኋላ ራሳቸው ቀድሞ ባሠሩት በቁስቋም ግቢ ተወስነው በ1765 ዓ.ም. አረፉ። በዚያ ግቢ እስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ሲያገኛቸው ሥልጣን አልነበራቸውም፤ እቴጌነታቸው ግን አልተነካም ነበር። ዘመነ መሳፍንት የሚባለው የመሳፍንት የእርስ በርስ ሽኩቻ ጊዜ ከኢዮአስ መገደል እንደሚጀምር ብዙዎች ስለሚስማሙ፣ የሁለቱ መበለቶች ያልተፈታ የማዕረግ ክርክር ከዘመኑ መነሻ ምክንያቶች አንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የቡናው ምድር ምስክርነት

ስለ መበለት ንግሥታት የሚጻፈው ሁሉ ከጎንደርና ከሸዋ ስለሚነሣ፣ ዛሬ ጅማ፣ ቦንጋ፣ ማሻ፣ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ የሚገኙበት ደቡብ ምዕራብ እንደ ዳር ይቆጠራል። ማስረጃው ግን ተመሳሳይ ጥያቄ በዚያም እንደነበር ያሳያል። በጊቤ የኦሮሞ መንግሥታት የንጉሥ ሚስትና እናት ገኔ ትባላለች። በጅማ አባ ጎሞል በ1870 ዓ.ም. ሲሞቱ ወጣቱ ዳግማዊ አባ ጅፋር ነገሡ፤ በ1876 ዓ.ም. ለምኒልክ ያለ ውጊያ ገብረው አገራቸውን ከጥፋት እንዲያድኑ የመከሯቸው እናታቸው ገኔ ጉሚቲ እንደሆኑ ይነገራል። በምክሩም ጅማ የራሷን ንጉሥ ይዛ እስከ 1920ዎቹ ዓ.ም. ስትቆይ፣ የተዋጋው ጎረቤቷ ከፋ በመስከረም 1890 ዓ.ም. ንጉሡን ጋኪ ሸሮቾን በምኒልክ የጦር አዛዥ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ እጅ አስማርኮ ነፃነቱን አጣ።

ከከፋ ጋር በምትዋሰነው በጌራ የነበረችው ንግሥት ገኔ ፋ ደግሞ ከመምከርም አልፋ መንግሥቱን በእጇ ይዛ ነበር። በእሷ ዘመን ወደ ከፋ ለመዝለቅ የመጡት ጣሊያናውያን አንቶኒዮ ቼኪና ጆቫኒ ኪያሪኒ ተይዘው ሲታሰሩ ኪያሪኒ በ1872 ዓ.ም. መጀመሪያ እዚያው ሞተ፤ ቼኪ ኋላ የተለቀቀው የጎጃሙ ራስ አዳል (በኋላ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት) ጣልቃ ገብተው ነው። ስለ ገኔ ፋ የሚታወቀው በአብዛኛው ቼኪ ከጻፈው በመሆኑ አንባቢ ጠንቀቅ ማለት አለበት፤ እስረኛ ስለ አሳሪው የሚጽፈው ነገር ሚዛናዊ ሊሆን አይችልም። ቢሆንም ንግሥቲቱ እንግዳ ለመያዝና ለመልቀቅ፣ ከጎጃም ጋርም ለመደራደር ሥልጣን እንደነበራት ከታሪኩ ሂደት ራሱ ይታያል።

በከፋና በሸካ ነገሩ ሌላ መልክ የነበረው ይመስላል። የከፋው ንጉሥ፣ ካፊ ታቶ፣ ሚክሬቾ ከሚባሉ ሰባት አማካሪዎች ጋር ይገዛ የነበረ ሲሆን፣ በአልጋ ወራሽነት ጉዳይም የነዚህ ሰዎች ቃል ከባድ ነበር። አልጋው ባዶ ሲሆን የሚወስን ሸንጎ ባለበት አገር መበለቲቱ በመካከል የምትገባበት ክፍተት ይጠባል። ይህ ግን ከሥርዓቱ አወቃቀር የተወሰደ ግምት እንጂ በሰነድ የተረጋገጠ ድምዳሜ አይደለም።

የጣይቱ ጉዳይ

ክርክሩ ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው በእቴጌ ጣይቱ ብጡል ላይ ነው። በ1875 ዓ.ም. ምኒልክን በቁርባን ያገቡት፣ ከባላቸው ንግሥ ሁለት ቀን በኋላ ጥቅምት 27 ቀን 1882 ዓ.ም. የእቴጌነት ዘውድ የጫኑት፣ ለአዲስ አበባ ስሟን ያወጡት፣ በመቀሌው የእንዳየሱስ ምሽግ የጠላትን ውኃ በማስያዝ የሚታወሱት እኚህ ሴት፣ ባላቸው በሕይወት ሳሉ ከየትኛዋም የኢትዮጵያ ንግሥት ያላነሰ ሥልጣን ነበራቸው። ይሁንና ከምኒልክ ልጅ አልወለዱም።

የንጉሠ ነገሥቱ ሕመም ከ1901 ዓ.ም. ወዲህ እየጠና ሲሄድ አዋጁ የሚወጣው፣ ሹመቱ የሚሰጠው በእቴጌይቱ ቃል ሆነ። ልጅ ስላልነበራቸው ዘመድን በልጅ ፈንታ ለማቆም ሞከሩ፤ የወንድማቸውን የራስ ወሌን ልጅ ጉግሣን በጌምድር ላይ አስቀመጡ፣ ለአልጋ ወራሹ ለልጅ ኢያሱም የወሌን የልጅ ልጅ ሮማነ ወርቅ መንገሻን ለሚስትነት መረጡ። መሳፍንቱና መኳንንቱ ከመሀል ሰፋሪ፣ ማለትም በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ከሰፈረው ጦር፣ ጋር ተማክረው መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም. እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን እንዲሰበስቡና በሽተኛ ባላቸውን በማስታመም እንዲወሰኑ ነገሯቸው። ሥልጣኑን የጠቀለሉት የኢያሱ ሞግዚት ራስ ተሰማ ናደው ከጎሬ ሆነው ኢሉባቦርን የገዙ ሰው ነበሩ።

ምኒልክ የሞቱት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው። ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም፤ ለቅሶ በአደባባይ እንዳይለቀስ ተከለከለ። ነገሩ ከሐዘን በላይ ፖለቲካ አለው። በአገሩ ልማድ የሟች ሚስት ድንኳን ጥላ፣ አልቃሽ አቁማ፣ እስከ አርባው ተዝካር ለቀስተኛ የምትቀበልበት ጊዜ መበለቲቱ በሕዝብ ፊት ሐዘንተኛም ባለ ክብርም ሆና የምትታይበት ዋና ሥርዓት ነው፤ ሞቱ ሲደበቅ ጣይቱ ይህንንም አጡ። ወደ እንጦጦ ማርያም ተልከው በዚያው ኖረው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. አረፉ፤ ዘውዲቱ የነገሡበት ቀን ልክ አንደኛ ዓመቱን በያዘበት ዕለት መሆኑ ነው። ዐፅማቸው በኋላ በታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ከባላቸው ጎን አርፏል።

ስለ አወዳደቃቸው የተሰጡት ማብራሪያዎች አይገናኙም። የሸዋ መኳንንት የሰጡት ምክንያት ዘመድ ማብዛታቸው ነበር፤ በዘመኑ አዲስ አበባ የነበሩ የአውሮፓ ሌጋሲዮኖችም ይህንኑ ደግመውታል፣ ሆኖም ሌጋሲዮኖቹ ለውጭ ሰው የማይበገሩትን እቴጌ አይወዷቸውም ነበርና ምስክርነታቸው ከጥላቻ የጸዳ አይደለም። ሌሎች ጉዳዩን የሰሜንና የሸዋ ፉክክር አድርገው ያዩታል፤ የእቴጌይቱ ዘር ከስሜን፣ ከየጁና ከጎንደር የሚመዘዝ ስለነበር የሳቸው ማየል ለሸዋ መኳንንት መገፋት ነበር። በቅርብ ጊዜ የሚጽፉት ደግሞ ሴትነታቸውን ያስቀድማሉ፤ ዘመድ መሾም የወንድ ነገሥታትም የዘወትር ሥራ ሆኖ ሳለ በሳቸው ላይ ብቻ ወንጀል መሆኑን ይጠቅሳሉ።

ሦስቱም እውነት አላቸው፤ ነገር ግን የቀኑ ቅደም ተከተል ሌላ ነገር ያመለክታል። ጣይቱ የወደቁት መበለት ከመሆናቸው ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ገደማ በፊት ነው። በፖለቲካ ዓይን መበለትነታቸው የጀመረው ምኒልክ ቃል መስጠት ባቆሙ ቀን እንጂ ነፍሳቸው በወጣች ቀን አይደለም። የምንትዋብን መንገድ መሄድ ያልቻሉትም አልጋ ወራሹ የሥጋ ልጃቸው ስላልሆነ ብቻ አይደለም፤ እሌኒ ልጅ ሳይኖራቸው ሞግዚት ሆነዋልና። የጎደለው ለእሌኒ በእደ ማርያም የሰጧቸው ዓይነት ዕውቅና ነበር፤ ምኒልክ ሞግዚት አድርገው የሰየሙት ራስ ተሰማን እንጂ እቴጌይቱን አልነበረም።

ዘውዲቱ፤ ባል እያላቸው ባል የሌላቸው

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ኢያሱ ሲሻሩ የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ተባሉ። ይህ ማዕረግ ከእቴጌ ፈጽሞ ይለያል፤ እቴጌ የንጉሥ ሚስት ወይም እናት ስትሆን ንግሥተ ነገሥታት በራሷ ስም የምትነግሥ ናት። ዘውዲቱ የመጀመሪያ ባላቸውን ራስ አርአያ ሥላሴ ዮሐንስን በ1880 ዓ.ም. በሞት አጥተው ነበር። ሲነግሡ ደግሞ ከባላቸው ከራስ ጉግሣ ወሌ እንዲለያዩ ተደረገ። ባል ያላት ንግሥት ባሏ ይነግሥባታል በሚል ፍርሃት የተወሰደው ይህ እርምጃ በሕይወት ባለ ባል ላይ መበለትነትን የፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ጉግሣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ተዋግተው ሲሞቱ፣ ንግሥተ ነገሥታቷ ከሁለት ቀን በኋላ መጋቢት 24 አረፉ።

የ1948ቱ ሕገ መንግሥትና የመጨረሻዋ እቴጌ

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ንጉሡ ለአካለ መጠን ሳይደርሱ አልጋ ቢይዙ ሥልጣኑን የሚይዝ የእንደራሴነት ምክር ቤት ሲያቋቁም፣ ከአባላቱ መካከል የንጉሠ ነገሥቱን እናት እቴጌን አስቀመጠ፤ ለአካለ መጠን የደረሰ አልጋ ወራሽ በሌለ ጊዜም ሰብሳቢነቱን ለሳቸው ሰጠ። ለእሌኒ በንጉሥ ፈቃድ፣ ለምንትዋብ በራሳቸው እጅ የመጣው ቦታ በዚህ ሰነድ ሕጋዊ ሆነ። ነገር ግን ሕጉ የተናገረው ስለ እናት ነው፤ ልጅ የሌላት፣ ወይም የእንጀራ ልጅ የነገሠባት መበለት እቴጌ፣ ማለትም የጣይቱ ዓይነት፣ በዚህ ምክር ቤት ቦታ የላትም። አንቀጹ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። የዘመኑ ንጉሠ ነገሥት ባለቤት እቴጌ መነን ከባላቸው ቀድመው በ1954 ዓ.ም. አረፉ፤ ዘውዱም መጋቢት 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በደርግ አዋጅ ተሰረዘ፤ ጣይቱ ከመንግሥት ሥራ በተገለሉበት ዕለት መዋሉ ግጥጥሞሽ ብቻ ነው።

የመጨረሻዋ እቴጌ የተባሉት መድፈሪያሽ ወርቅ አበበ የደጃዝማች አበበ ዳምጠው ልጅ፣ የራስ ደስታ ዳምጠው የወንድም ልጅ ናቸው። በ1937 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰንን አግብተው ሦስት ሴቶችና አንድ ወንድ፣ ዘርዐ ያዕቆብን፣ ወለዱ። አልጋ ወራሹ በ1965 ዓ.ም. ታመው ለሕክምና ወደ ውጭ ከሄዱ ወዲህ ኑሯቸው በስደት ሆነ። በ1981 ዓ.ም. ለንደን ላይ አልጋ ወራሹ ቀዳማዊ አምኃ ሥላሴ ተብለው ንጉሠ ነገሥትነታቸው በስደት ሲታወጅ ባለቤታቸው እቴጌ ተባሉ፤ ኋላም ቤተ ሰቡ ወደ አሜሪካ ቨርጂኒያ ተዛወረ። ጥር 9 ቀን 1989 ዓ.ም. ባላቸው አርፈው አዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። እሳቸውም በመበለትነት ዐሥራ ሁለት ዓመት ኖረው መጋቢት 2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሲያርፉ በዚያው ካቴድራል ተቀበሩ።

እቴጌ ነበሩ ወይ? ለዘውዱ ታማኝ የሆኑት ሕገ መንግሥቱ በጉልበት ስለታገደ ውርሱ አልተቋረጠም፣ ስለዚህ የንጉሠ ነገሥት ሚስት እቴጌ ናት ይላሉ። ሕግን የሚያስቀድሙት በ1967 ዓ.ም. ከተሰረዘ ዘውድ በ1981 ዓ.ም. ማዕረግ ሊወጣ አይችልም፣ አጠራሩ የአክብሮት ብቻ ነው ባይ ናቸው። ብዙ ጊዜ የማይነሣው ሦስተኛው ነጥብ የሥርዓተ ንግሥ ጉዳይ ነው፤ ጣይቱም መነንም እቴጌ የተባሉት በቤተ ክርስቲያን ጸሎት ዘውድ ጭነው ሲሆን፣ አምኃ ሥላሴም ባለቤታቸውም ሥርዓተ ንግሥ አልተፈጸመላቸውም። በቅብዓትና በዘውድ የሚመጣ ማዕረግና በጋብቻ ብቻ የሚመጣ ማዕረግ አንድ ካልሆኑ፣ መድፈሪያሽ ወርቅ የያዙት ሁለተኛውን ነው። ለማዕረጉ ሥልጣንም መተዳደሪያም አልነበረውም፤ ሦስቱ ነገሮች ሙሉ በሙሉ ተለያይተው የታዩበት የመጀመሪያው ጉዳይ በመሆኑ ግን ለጥናት ልዩ ዋጋ አለው።

ክርክሩ ዛሬ

በሌሎች አገሮች ከታየው ጋር ሲነጻጸር የኢትዮጵያው ልማድ ያን ያህል እንግዳ አይደለም። በእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሞቱ መበለታቸው ከነገሠችው ልጃቸው ጋር የስም መመሳሰል ስለነበራቸው እናት ንግሥት ኤልሳቤጥ ተባሉ፣ እስከ 2002ም ያለ ፖለቲካ ሥልጣን በበጎ አድራጎትና በክብር ሥራ ኖሩ። የዮርዳኖሷ ንግሥት ኑር እ.ኤ.አ. በ1999 ንጉሥ ሁሴን ሲሞቱ የእንጀራ ልጃቸው ስለነገሠ የእናት ንግሥት ቦታ አልነበራቸውም፤ በስማቸው ላይ ንግሥትነቱ ቀርቶ የአደባባይ ሥራቸው ከአገር ውጭ፣ በፀረ ፈንጂ ዘመቻና በመሳሰለው ላይ ሆነ። የኡጋንዳው ቶሮ መንግሥት ደግሞ ለጎንደሩ ይበልጥ ይቀርባል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ንጉሡ ሲሞቱ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን የነበረው ኦዮ ነገሠና እናቱ ቤስት ኬሚጊሳ ከሞግዚቶቹ አንዷ ሆኑ። ኑር በጣይቱ ወገን፣ ኬሚጊሳ በምንትዋብ ወገን ሊሰለፉ ይችላሉ፤ እንግሊዝ ግን ማዕረግን ከሥልጣን አስቀድማ ስለለየች ጥያቄውን አለዝባዋለች።

ይህ ንጽጽር እናትነትን ቁልፍ አድርገው ለሚያዩት ወገኖች የሚያግዝ ይመስላል። እሌኒ ግን ይህን ማብራሪያ ይሰብሩታል፣ ውቢትም እንዲሁ፤ አንዷ ሳይወልዱ ገዙ፣ ሌላዋ የንጉሥ እናት ሆነው ሳለ ብቻቸውን መግዛት አልቻሉም። የዘመድ ጦርን ቁልፍ የሚያደርጉት ደግሞ ጣይቱ በበጌምድርና በየጁ ብዙ ጦር ያላቸው ዘመዶች እያሏቸው ለምን ያለ ውጊያ እንደወረዱ ማስረዳት ይቸግራቸዋል። የተሻለው ማብራሪያ በሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ መበለቲቱን የሚያቆማት ሟቹ ወይም ነጋሹ ንጉሥ በሕዝብ ፊት የሰጣት ዕውቅና ሲሆን፣ እናትነት ዕውቅናውን የሚያቀልል፣ ዘመድ ደግሞ የሚያስከብር ነገር ነው። ለዚህ ማብራሪያ ከባዱ ፈተና የደቡብ ምዕራቡ ነው። በጌራና በጅማ የገኔዎቹ ሥልጣን ከልጆቻቸው ጋር የተያያዘ ሆኖ ሲታይ፣ አልጋውን ሸንጎ በሚጠብቅበት በከፋና በሸካ የንጉሥ መበለትን ቦታ ማን ይወስን እንደነበር ከአገር ሽማግሌዎች ቃል በሥርዓት ሊሰበሰብ ይገባዋል፤ በዚያ ሸንጎው እንጂ ንጉሡ ዕውቅና ሰጪ ካልነበረ ከላይ የቀረበው ማብራሪያ ለጎንደርና ለሸዋ ብቻ የሚሠራ ይሆናል።